በእጅ የሚሠሩ የበዓል ካርዶችና ጌጣጌጦች፦ በመራዊ፣ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሥራ ጀማሪዎች የቀረበ መረጃ

የበዓል ካርድ፣ የዶቃ ማስጌጫ እንዲሁም ከሸክላ ወይም ፖሊመር ክሌይ ተብሎ ከሚጠራው ሰው ሠራሽ ጭቃ የሚዘጋጅ ጌጣጌጥ በአነስተኛ መነሻ ገንዘብ፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥና በጥቂት መሣሪያዎች ሊጀመሩ ከሚችሉ የዕደ ጥበብ ሥራዎች መካከል ይመደባሉ። የሰሜን ሜጫ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መራዊ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ ትገኛለች። በዚህም የተነሣ በመራዊ የሚሠራ ሰው የራሱን ከተማና የአካባቢውን የገጠር ገበያ ብቻ ሳይሆን የባሕር ዳርን መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ጎብኚዎች ጭምር በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

ሥራው ቀላል መስሎ ቢታይም ገቢው በዓመት ውስጥ በሚገኙ ጥቂት ቀናት ላይ የተመሠረተ ነው። መስከረም 1 ቀን ረፋድ ላይ ያልተሸጠ የአዲስ ዓመት ካርድ ከሰዓት በኋላ ተራ ወረቀት ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች የሚከስሩት በእጅ ሙያ ማነስ ሳይሆን ሥራውን የሚጀምሩበት ወር በመዘግየቱ ስለሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ አሠራሩ ሲያብራራ ለጊዜ ጉዳይ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ምዝገባን፣ ፈቃድንና ብድርን የሚመለከቱ አገልግሎቶች ከዚያ በኋላ ቀርበዋል።

የሥራው መነሻ

በእጅ የተሠራ የበዓል ካርድ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች በወረቀት ላይ የሣሏቸውን አበቦች፣ ፀሐዮችና መላእክት ይዘው ከቤት ወደ ቤት በመሄድ ለዘመድና ለጎረቤት ይሰጣሉ፤ በምላሹም ምርቃት፣ ዳቦና ሳንቲም ይቀበላሉ። ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ አደይ አበባና ለምለም ሣር ያበረክታሉ። በጎጃም ደግሞ በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ ነቅሎ ከአደይ አበባ ጋር መጎንጎን የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ካርድ ሠሪው ገበያ የሚፈጥረው ከባዶ ተነሥቶ አይደለም፤ ሰው ሁሉ በልጅነቱ የሠራውን ወይም የተቀበለውን ነገር በተሻለ ወረቀት፣ በተጣራ እጅና በፖስታ ውስጥ አድርጎ መልሶ ያቀርብለታል።

የጌጣጌጡም ሥር ጥልቅ ነው። ድሪ፣ ማርዳ፣ አልቦ፣ ጨሌና ዛጎል የአካባቢው እናቶች የሚያውቋቸው ስሞች ናቸው። ይሁን እንጂ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ለረጅም ዘመን በንቀት ስም ሲጠሩ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ አንዳንድ ወላጆች የልጃቸውን የሸክላ ሥራ ለጎረቤት ሲደብቁ አሁንም ይስተዋላል።

ካርድ፦ ከመስከረም እስከ መስከረም

የአዲስ ዓመት ካርድ ትልቁ ችግር የሚሠራበት ወቅት ክረምት መሆኑ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ወረቀት ይጠቀለላል፣ ኮላ ቶሎ አይደርቅም፣ ተደራርቦ የተቀመጠ ካርድም ሻጋታ ያወጣል። በዚህ ምክንያት ወረቀት መግዛት፣ መቁረጥና ማጠፍ ዝናቡ ሳይጠነክር በግንቦት ተጠናቆ በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ መቀመጥ ይኖርበታል። ሥዕሉና ጽሕፈቱ በሐምሌ፣ ማጣበቁና ማሸጉ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቢከናወን ለሻጮች ለማድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ ይተርፋል። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸውና ለደንበኞቻቸው ካርድ የሚያዝዙት ብዙውን ጊዜ ከበዓሉ ቀደም ብለው ስለሆነ፣ ናሙና ይዞ መዞር የሚገባው በሰኔ እንጂ በጳጉሜን አይደለም።

ከዚህ የባሰው ጉዳይ የአበባው ነው። የእንቁጣጣሽ ምልክት የሆነው አደይ አበባ የሚፈነዳው ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረም ስለሆነ፣ ለመጪው መስከረም 1 በሚዘጋጅ ካርድ ላይ የዚያኑ ዓመት አበባ መለጠፍ አይቻልም። መፍትሔው በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ አበባውን ለቅሞ ለቀጣዩ ዓመት ማድረቅ ነው። አበባው ጤዛው ከረገፈለት በኋላ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይቀጠፋል፤ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ተነጣጥሎ ይዘረጋል፤ ከባድ መጽሐፍ ወይም ድንጋይ የተጫነበት ጣውላ ይጫነዋል። ጋዜጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየዕለቱ ይቀየራል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የደረቀው አበባ ብርሃን በማይገባበት ካርቶን ውስጥ ከተቀመጠ ቢጫነቱን በአብዛኛው ይዞ ይቆያል። ሰንደዶና አክርማም ከክረምቱ ማብቂያ ጋር ስለሚለቀሙ በዚያው ወቅት ነክሮ፣ ቀልሞና አድርቆ ማስቀመጥ ይገባል። ስፌት የሚችሉ እናቶች ያሉበት ቤት በዚህ ረገድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ጥፍር የምታክል የሰንደዶ ስፌት በካርድ ፊት ላይ ስትለጠፍ ማንም ማተሚያ ቤት ሊያወጣት የማይችል ካርድ ትሆናለች።

የስንዴ አገዳ ሌላው በቅርብ የሚገኝ ግብአት ነው። በመራዊ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ መስኖ ልማት 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ለማልማት የተዘረጋ ሲሆን፣ በበጋ ስንዴ ከሚመረትባቸው ቦታዎችም አንዱ ነው። ስለዚህ ንጹሕ አገዳ ከመኸር ውጭም ይገኛል። አገዳው ለጥቂት ሰዓት በውኃ ተነክሮ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ በካውያ ተስተካክሎ በቀጭን ወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያም በመስቀል፣ በወፍ ወይም በታንኳ ቅርጽ በመቀስ ይቆረጣል። የደረቀ የሙዝ ቅጠልን ቆራርጦ ሥዕል መሥራትም በኢትዮጵያ የማስታወሻ ዕቃ መደብሮች የታወቀ ጥበብ ነው።

በጣና ዳር የሚበቅለው ደንገል ለካርድ ፊት የሚሆን ውብ ቆዳና ክር ይሰጣል። ሆኖም የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከሐይቁ ዳር ደንገል እንደልብ ማጨድ አይፈቀድም። ደንገል ለታንኳ ሠሪዎችም የዕለት እንጀራቸው ነው። ካርድ ሠሪው ከእነርሱ የተረፈውን ቁርጥራጭ መግዛት ይችላል፤ ለካርድ የሚያስፈልገው መጠን ጥቂት ስለሆነም ከዚህ በላይ አያሻውም።

በልኬት ረገድ 210 በ297 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤ4 ወረቀት ለሁለት ተቆርጦ እያንዳንዱ ግማሽ ሲታጠፍ ሁለት ካርዶች ይወጡታል። ለእነዚህ ካርዶች የሚስማማው ፖስታ 114 በ162 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ወረቀት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ የሳሳው ይጎብጣል። ወፍራም ወረቀት ከመታጠፉ በፊት በማስመሪያ ጠርዝ አጠገብ በማንኪያ ጀርባ መስመር ካልተሰመረበት እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ ፖስታውን አግኝቶ ካርዱን በእርሱ ልክ መቁረጥ የተሻለ ነው። ካርዱን ሠርቶ ፖስታ ፍለጋ መዞር ጀማሪዎች ደጋግመው የሚፈጽሙት ስሕተት ነው።

በካርዱ ላይ የሚጻፈው ቃል

የመልካም ምኞት ቃል ትኩረት የሚሻው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው አክብሮት ነው። በካርዱ ላይ «አደረሰህ» ወይም «አደረሰሽ» ተብሎ ከታተመ ካርዱ ለአባት፣ ለእናት ወይም ለአለቃ መላክ አይችልም፤ «አደረስዎ» የሚለው ደግሞ ለእኩያ ይከብዳል። «አደረሳችሁ» ለቤተሰብም ለመሥሪያ ቤትም ስለሚሆን ለብዛት የሚዘጋጀው ካርድ ይህን ቢይዝና የተቀረው ቦታ ለላኪው እጅ ጽሕፈት ባዶ ቢተው ይመረጣል። ለሙስሊም ወገኖች የሚዘጋጅ ካርድ የዒድ አል ፈጥርና የዒድ አል አድሓ በዓላትን በስማቸው ለይቶ መጥራት አለበት። ሁለቱ በዓላት በጨረቃ አቆጣጠር የሚውሉ በመሆናቸውም ቀን ባይጻፍባቸው ይመረጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ዘመኑ ነው። የአዲስ ዓመት ካርድ ላይ የዓመቱን ቁጥርና የወንጌላዊውን ስም መጻፍ የተለመደ ነው። 2018 ዘመነ ማርቆስ፣ 2019 ዘመነ ሉቃስ፣ 2020 ዘመነ ዮሐንስ፣ 2021 ዘመነ ማቴዎስ ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በዓመቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። የወንጌላዊ ስም የተጻፈበት ካርድ ካልተሸጠ አራት ዓመት ይጠብቃል፤ ቁጥር የተጻፈበት ደግሞ ፈጽሞ አይመለስም። ስለዚህ ስምና ቁጥሩን በማኅተም ወይም በትንሽ ቁራጭ ወረቀት ለብቻ አዘጋጅቶ፣ ገዢ በተገኘ ጊዜ ብቻ በካርዱ ላይ መጨመር ኪሳራን ይቀንሳል። የገና ካርድም የራሱ ወጥመድ አለው። ልደት ዘወትር ታኅሣሥ 29 ቢከበርም ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2020 «ታኅሣሥ 29» የሚል ካርድ የሚሸጥ ሰው በበዓሉ ማግሥት የሚውል ቀን ጽፎ ይሸጣል ማለት ነው።

ለጽሕፈቱ ከጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት የሚወሰደው ትምህርት ብዙ ነው። በመቃ ብዕር የሚጣለው ቁም ጽሕፈት፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም መፈራረቁ፣ በገጽ ራስጌ ላይ የሚሳለው ሐረግ ለካርድ በሚገባ ይስማማሉ። ንድፉን ማጥናት የተፈቀደ ነው። ከአሮጌ የብራና መጽሐፍ የተቀደደ ቅጠል ገዝቶ በካርድ ላይ መለጠፍ ወይም በመስተዋት አስገብቶ መሸጥ ግን ቅርስን ማጥፋት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ማበላሸትንና ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። እንዲህ ያለ ቅጠል የቀረበለት ሰው ለአካባቢው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ዶቃና የዶቃ ማስጌጫ

የዶቃ ሥራ ከካርድ ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። የአንገትና የእጅ ጌጥ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ለገና ዛፍ የሚሰቀል ኮከብ፣ ለሙሽራ ቤት የሚሆን ማስጌጫ ከአንድ ከረጢት ዶቃ ሊወጡ ይችላሉ። የሰሜን ኢትዮጵያ ልጃገረዶች በነሐሴ በሚያከብሯቸው የሻደይ፣ የአሸንድዬና የሶለል በዓላት ሰሞን የአንገትና የእግር ጌጥ ይፈለጋል፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ደግሞ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ጥምቀት የሚመጡ እንግዶች ይገዛሉ።

ጥንካሬውን የሚወስነው ክሩ ነው። የስፌት ክር በላብና በዶቃው ጠርዝ ቶሎ ይበላል። በባሕር ዳር በቀላሉ የሚገኘው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ለከባድ ዶቃ ይበቃል፤ ለአምባር የሚለጠጥ ክር ይመረጣል። ቋጠሮው ጥንድ ሆኖ ጫፉ ወደ ዶቃው ቀዳዳ ተመልሶ ቢገባ አይፈታም። ለጆሮ ጌጥ የሚሆን ሽቦ ሲገዛ ከኒኬል ነጻ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ኒኬል በብዙ ሰዎች ላይ የቆዳ ማሳከክና ቁስለት ስለሚያስከትል አንድ ቅሬታ ያቀረበ ደንበኛ ሌሎችንም ይዞ ይቀራል።

ለጸሎት የሚሆን መቁጠሪያ የሚሠራ ሰው ቁጥሩን መሳት የለበትም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው፣ በሙስሊሞች ዘንድ 33 ወይም 99 ፍሬ ያለው ይታወቃል። አርባ ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ምንም ያህል ቢያምር አይሸጥም።

ከአካባቢው ፍሬ ዶቃ መሥራት ወጪን ይቀንሳል። የዘጌ ቡና ፍሬ ተቆልቶ ወይም ሳይቆላ በወስፌ ሲበሳ ሽታውም መልኩም ይወደዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ችላ ሊባል አይገባም። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉር መልኩ ለጌጥ ቢጋብዝም እጅግ ኃይለኛ መርዝ አለው፤ ቅርፊቱ ሲበሳ መርዙ ይጋለጣል። ሕፃን ሊያኝከው በሚችል ጌጥ ላይ ቀርቶ በሠሪው እጅም ቢሆን ሊበሳ አይገባም።

ብረትን ወደ ዶቃ የመለወጥ ሥራም በአገራችን አለ። በአዲስ አበባ እንጦጦ አካባቢ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሴቶች ከጥይት ቀለህ ቀልጦ የተሠራ ዶቃ እየሰኩ ለውጭ ገበያ አቅርበዋል። የእነርሱ ልምድ የሚያስተምረው ገዢው ከዶቃው ጋር የዶቃውን ታሪክም እንደሚገዛ ነው። ስለዚህ ከዘጌ ቡና ወይም ከመራዊ ሰንደዶ የተሠራ ጌጥ ከየት እንደመጣ የምትገልጽ ትንሽ ካርድ ቢታሰርበት ተገቢ ነው፤ የተጻፈው እውነት ከሆነ።

ፖሊመር ክሌይና የአገር ሸክላ

ፖሊመር ክሌይ በስሙ ጭቃ ይባል እንጂ ከመሬት የሚቆፈር አይደለም። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ፣ ከማለስለሻና ከቀለም የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በእጅ ተድቦልቡሎ በአነስተኛ ሙቀት ይጠነክራል። ፊሞ የተባለው ምርት በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይበስላል፤ ሌሎች ምርቶች እስከ 135 ዲግሪ ይጠይቃሉ። የሚታመነው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሚግል ፈጽሞ አይሆንም፤ የከሰል ምድጃም ሙቀቱን መቆጣጠር ስለማይቻል አይመከርም። ከልክ በላይ የጋለ ፖሊመር ክሌይ ይጠቁራል፤ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ጋዝም ያወጣል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ኦቨንና በተናጠል የሚገዛ ቴርሞሜትር ያስፈልጋሉ፤ መስኮት መከፈት አለበት፤ ለዚህ ሥራ የዋለ ትሪ ወይም ቢላዋ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። መብራት በመካከሉ ቢቋረጥ ሥራው አይበላሽም፤ ኃይል ሲመለስ እንደገና ማብሰል ይቻላል።

ትክክለኛው ጥያቄ ግን ይህ ሥራ ለመራዊ ጀማሪ ያዋጣል ወይ የሚለው ነው። ቁሱ ከውጭ አገር የሚገባ በመሆኑ ዋጋውና አቅርቦቱ ከውጭ ምንዛሪ ጋር ይዋዥቃል። ኦቨን ለመግዛት ብድር መውሰድም ለጀማሪ ከባድ ሸክም ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ሙያውን በርካሽ ቁስ መለማመድ ይመረጣል። እኩል መጠን ያለው ነጭ ኮላና የበቆሎ ስታርች፣ ጥቂት ዘይትና ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ተጨምሮበት፣ በለሰለሰ እሳት ላይ ከድስቱ እስኪላቀቅ ሲማሰል የሚለጠጥ ሊጥ ይሆናል። ይህ ሊጥ ያለ እሳት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይደርቃል። ሲደርቅ እንደሚኮማተርና ውኃ እንደሚጠላ ታውቆ በቫርኒሽ መሸፈን አለበት። ስታርችና የበቆሎ ዱቄት አንድ አይደሉም፤ በወፍጮ የተፈጨ በቆሎ ይህን ሊጥ አይሰጥም።

የአገር ሸክላ ከሁሉም ይረክሳል፤ ዕድሜውም ከሁሉም ይረዝማል። ጎንደር አጠገብ በምትገኘው ወለቃ ሴቶች ከሸክላ የሚሠሯቸው ትንንሽ ምስሎች ለረጅም ጊዜ በጎብኚዎች ሲገዙ ኖረዋል። የሸክላ ዶቃ የሚሠራ ሰው ሸክላው ሲደርቅ እንደሚጠብ አስቦ ቀዳዳውን ከክሩ በእጥፍ ማስፋት፣ በጥላ ሥር ለሳምንት ያህል ማድረቅና ከዚያ በኋላ ብቻ በኩበትና በእንጨት ማቃጠል ይኖርበታል። ውስጡ እርጥበት የቀረበት ዶቃ በእሳት ውስጥ ይፈነዳል። በክረምት ይህን ማድረግ አስቸጋሪ ስለሆነ የሸክላ ዶቃ የበጋ ሥራ ነው። ከካርድ ጋር ተጣምሮ ሲሠራ የዓመቱን ባዶ ወራት የሚሞላውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋ መተመን

የሚከተለው ስሌት የአሠራር ምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንድ ሰው 40 ካርዶች ለመሥራት 20 ወረቀት በ15 ብር፣ 40 ፖስታ በ5 ብር፣ ኮላና ቀለም በ100 ብር ቢገዛ ወጪው 600 ብር ይሆናል። እያንዳንዱ ካርድ 20 ደቂቃ ቢፈጅና ሠሪው ለአንድ ሰዓት ጉልበቱ 45 ብር ቢተምን፣ ጉልበቱ ሌላ 600 ብር ነው። ከ40 ካርዶች አራቱ ቢበላሹ 1,200 ብሩ ለ36 ካርዶች ይከፈላል፤ አንዱ ካርድ ከ33 ብር በላይ ፈጅቷል ማለት ነው። ይህን ካርድ በ25 ብር የሸጠ ሰው ከወረቀቱ ወጪ በላይ ስላገኘ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በተጨባጭ ግን ከጉልበቱ እየከፈለ ነው። ትራንስፖርትና ለመደብር የሚከፈል ኮሚሽን ገና አልተቆጠሩም። የወጪና የገቢ መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝ ለራስም፣ ለግብርም፣ ለብድርም ይጠቅማል።

ምዝገባ፣ ፈቃድና ብድር

ሥራውን በቋሚነት ለመያዝ የሚፈልግ ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ወይም ከተማ አስተዳደር የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ቀርቦ በሥራ ፈላጊነት ይመዘገባል። ለዚህም የነዋሪነት ወይም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠውን የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። በግል ወይም በማኅበር መደራጀት ይቻላል። በማኅበር ለሚደራጁ ሰዎች አንድ ነገር ሊታወስ ይገባል፤ ካርድ መሣልና ካርድ መሸጥ የተለያዩ ችሎታዎች ስለሆኑ አባላቱ ሁሉ ሠዓሊዎች የሆኑበት ማኅበር ገበያ ሲያጣ ይታያል።

የክህሎት ሥልጠና የሚሰጠው በአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ሲሆን፣ በባሕር ዳር የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይገኛል። ሙያውን በልምድ ያወቀ ሰውም በሙያው የተዘጋጀ የብቃት ምዘና ካለ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላል።

የንግድ ሥራ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1150/2011 ይመራል። አመልካቹ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣል፣ በንግድ መዝገብ ይመዘገባል፣ ከዚያም ፈቃድ ይወስዳል። በማመልከቻው ላይ የሥራው ዓይነት በትክክል መገለጽ አለበት፤ ጌጣጌጥ ማምረትና ሌሎች ያመረቱትን መቸርቸር የተለያዩ የንግድ መደቦች ናቸው። ክፍያ የሚፈጸመው በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ብድር ለሚፈልጉ፣ የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የአሁኑ ፀደይ ባንክን ጨምሮ በአካባቢው የሚሠሩ የገንዘብ ተቋማት አሉ። ከመፈረም በፊት የመክፈያ ጊዜው ከበዓላቱ ጋር መነጻጸር አለበት። በየወሩ የሚከፈል ብድር በመስከረም፣ በታኅሣሥና በፋሲካ ብቻ ለሚሸጥ ሰው አይስማማም። በተቻለ መጠን ክፍያው ከሽያጭ ወራት ጋር እንዲገጥም ብድሩ ሳይወሰድ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።

መብትና ግዴታ

በካርድ ላይ የተሳለ የራስ ሥዕል በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል። የኢኮኖሚ መብቱም በሠሪው ዕድሜና ከሞት በኋላ በ50 ዓመታት የተወሰነ ነው። የጌጣጌጥ ቅርጽ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በኢንዱስትሪ ዲዛይንነት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሊመዘገብ ይችላል። ይኸው መብት የሌሎችም ስለሆነ ከስልክ ላይ የተገኘን ሥዕል አትሞ መሸጥ ተጠያቂነትን ያስከትላል።

ልጆች የራሳቸውን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሠርተው መስጠታቸው ባህል ነው። ልጆችን ለሽያጭ የሚውል ካርድ እንዲያመርቱ መቅጠር ግን የተለየ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሰው መቅጠር ክልክል ነው።

በአገልግሎት አሰጣጡ ቅሬታ ያለው ተገልጋይ አቤቱታውን በቅድሚያ አገልግሎቱን ለሰጠው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በጽሑፍ ያቀርባል፤ የገቢ ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂም ይወስዳል። ምላሽ ካላገኘ ወይም በምላሹ ካልረካ ወደ ቀጣዩ የአስተዳደር እርከን፣ ከዚያም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ወዳለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መቅረብ ይችላል።